በቲሲፒ የምንልከው ዳታ ተጣብቆ ወይም ተቆርጦ ይደርሳል፤ የአማርኛ ፊደሉም ይበላሻል

ቅርንጫፍ_ሰባት

ሰላም ለሁላችሁ። የሱቅ ቅርንጫፎች ሽያጫቸውን ወደ ማዕከል ወዲያው የሚልኩበት ሲስተም እየሠራሁ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ፕሮግራም በጃቫ፣ ማዕከል ያለው ሰርቨር በፓይተን ነው የተጻፈው። እያንዳንዱ ሽያጭ በጄሰን (ዳታን በጽሑፍ የማስቀመጫ ቅርጽ) ይጻፍና ሁልጊዜ ክፍት በሆነ የቲሲፒ ሶኬት (የኔትወርክ ግንኙነት ጫፍ) ይላካል። ሰርቨሩ በአንድ ንባብ እስከ 4096 ባይት ይቀበልና ያገኘውን በቀጥታ ፓርስ ያደርጋል (ተንትኖ ያነባል)።

ሁለቱም አንድ ላፕቶፕ ላይ ሲሆኑ እንከን የለውም። ቅርንጫፍና ማዕከል ሲለያዩ ግን ሦስት ነገር ይታያል። አንዳንዴ ሁለት ሽያጭ ተጣብቆ ይመጣና ፓርሰሩ ትርፍ ዳታ አለ ይላል። አንዳንዴ ግማሹ ብቻ ይደርሳል። አንዳንዴ ደግሞ በዕቃው ስም መሀል የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይገባል። በየመልእክቱ መሀል የ50 ሚሊሰከንድ እረፍት ሲጨመር ችግሩ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። መፍትሔው ምንድን ነው?

የባይት_ቆጣሪ

እረፍቱን አውጣው። ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይነካውም፤ መስመሩ የተጨናነቀ ዕለት ተመልሶ ይመጣል።

ሦስቱም ምልክቶች መነሻቸው አንድ ነው። ቲሲፒ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው በቅደም ተከተል የሚፈስ ባይት ብቻ ነው። በሁለት ጆግ ቧንቧ ውስጥ ያፈሰስከው ውሃ በወዲያኛው ጫፍ የትኛው ከየትኛው ጆግ እንደመጣ አይለይም። አንድ ጊዜ መላክ አንድ ጊዜ መቀበል ማለት አይደለም፤ ሁለት የላክኸው በአንድ ንባብ፣ አንድ የላክኸው በአምስት ንባብ ሊመጣ ይችላል። ላፕቶፕህ ላይ የሠራልህ ሊኑክስ ላይ የሎካልሆስት መስመር በአንድ ፓኬት (በአንዴ የሚሄድ የዳታ ቁራጭ) እስከ 65536 ባይት ስለሚያሳልፍ ነው። ተራ ኢተርኔት ላይ ፓኬቱ 1500 ባይት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ለአንተ ዳታ የሚተርፈው ቢበዛ 1460 ገደማ ነው። ስለዚህ ከዚያ የበለጠ መልእክት መንገድ ላይ መቆራረጡ የግድ ነው።

የመልእክቱን ድንበር የምታሰምረው አንተ ነህ። እኔ የምመርጠው ርዝመትን ማስቀደም ነው፦ መጀመሪያ 4 ባይት የርዝመት ቁጥር፣ ከዚያ ልክ ያን ያህል ባይት ዳታ።

ጃቫ በኩል፦ ጄሰኑን መጀመሪያ ወደ ዩቲኤፍ-8 (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስልት) ባይቶች ቀይር። ኢንኮዲንጉን በስሙ ጥራ፤ ከጃቫ 18 በፊት ነባሪው ኢንኮዲንግ የኮምፒውተሩን ቅንብር ስለሚከተል አሮጌ ዊንዶውስ ላይ አማርኛው እዚያው ይበላሻል። ከዚያ የባይቱን ብዛት ጻፍ፣ ቀጥሎ ባይቶቹን። የዳታ አውትፑት ስትሪም «ራይት ኢንት» ትልቁን ባይት አስቀድሞ ነው የሚጽፈው፤ ይህም የኔትወርክ ቅደም ተከተል የሚባለው ነው።

ፓይተን በኩል፦ 4 ባይት እስኪሞላ አንብብ፣ ወደ ቁጥር ስትቀይር ቅደም ተከተሉ «ቢግ» መሆኑን ንገረው፣ ከዚያ ያን ያህል ባይት እስኪሞላ አንብብ፣ ዲኮድ አድርግ (ባይቱን ወደ ፊደል መልስ)፣ ፓርስ አድርግ። «እስኪሞላ» የምለው በሉፕ ማለቴ ነው። «ሪሲቭ» 4 ስትለው 4 ሊሰጥህ አይገደድም፤ 1 ብቻ ሊሰጥህ ይችላል። ባዶ ከመለሰልህ ደግሞ ወዲያኛው ወገን መላኩን ጨርሶ ዘግቷል ማለት ነው፤ ሉፑ ውስጥ ይህን ካላየህ ፕሮሰሰሩ መቶ ፐርሰንት እየነደደ ይሽከረከራል። አሲንክአይኦ (የፓይተን ላይብረሪ) የምትጠቀም ከሆነ «ሪድ ኤግዛክትሊ» ሉፑን ራሱ ይሠራልሃል። ጃቫ ላይ «ሪድ ፉሊ»፣ ጎ ላይ «ሪድ ፉል» አቻዎቹ ናቸው።

ዳይመንዱን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ነው። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፤ መስመር ላይ ግን 9 ባይት፦ ሰ 225 136 176፣ ላ 225 136 139፣ ም 225 136 157። ንባብህ 225 እና 136ን አምጥቶ 176ን ለቀጣዩ ዙር ካስቀረ፣ ያን ቁራጭ ብቻውን ዲኮድ ስታደርግ ዲኮደሩ ወይ ስህተት ይጥላል ወይ ዳይመንዱን ይተካል። ሙሉው ሳይሰበሰብ ዲኮድ አይደረግም።

ርዝመቱም የባይት ነው እንጂ የፊደል አይደለም። የስትሪንጉን ርዝመት ከጻፍህ ለ«ሰላም» 3 ብለህ 9 ትልካለህ፤ ቀሪው 6 ባይት የሚቀጥለው መልእክት ራስ ተደርጎ ይነበባል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈተነ ኮድ ይህን ስህተት አያሳይም፤ እዚያ አንድ ፊደል አንድ ባይት ነውና።

ነጭ_ሳር

ጄሰን ላይ እስካለህ ድረስ ከዚህም የቀለለ አለ፦ አንድ መልእክት በአንድ መስመር፣ መጨረሻው ላይ ባይት 10፣ ማለትም አዲስ መስመር። ጄሰን በስትሪንግ ውስጥ ያለን አዲስ መስመር በኋልዮሽ ዘንግ ቀይሮ ስለሚጽፈው ድንበሩ አይምታታም፤ ኢንኮደሩን ለዓይን እንዲያምር ከፋፍለህ ጻፍ እስካላልከው ድረስ። ለአማርኛውም አያሰጋም፤ የፊደሎቻችን ባይቶች ሁሉ ከ127 በላይ ስለሆኑ 10 በመሀላቸው አይገኝም። መጀመሪያ በባይት ቁረጥ፣ ከዚያ ዲኮድ አድርግ።

የምታተርፈው ችግር ሲመጣ በኔትካት (ሶኬት ላይ በቀጥታ የሚጽፍና የሚያነብ ትእዛዝ) ገብተህ በዓይንህ ማንበብህ ነው። የምትጠነቀቀው የመስመር ጣሪያ ነው፤ የአሲንክአይኦ «ሪድላይን» በነባሪው ከ64 ኪሎባይት በላይ የሆነ መስመር ሲያጋጥመው ስህተት ይጥላል። ምስል ወይም ፋይል የምትልክ ከሆነ ግን የባይት_ቆጣሪ ያለው መንገድ ይሻላል።

ቅርንጫፍ_ሰባት

ርዝመት ማስቀደሙን አስገብቼው መጣበቁም፣ መቆረጡም፣ ዳይመንዱም ጠፉ። እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሰርቨሩ አልፎ አልፎ ርዝመቱን 1195725856 ብሎ ያነብና ሜሞሪው አልቆ ይገደላል። ቅርንጫፎቹ የሚልኩት ግን ከ2 ኪሎባይት አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፉ የሰርቨሩን ማረጋገጫ ጠብቆ ነው ቀጣዩን የሚልከው፤ እያንዳንዱ ዙር ወደ 40 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ፒንግ ግን 3 ሚሊሰከንድ ነው። ርዝመቱን በአንድ «ራይት»፣ ዳታውን በሌላ «ራይት» ነው የምጽፈው።

ሶኬት_ዘበኛ

ቁጥሩን ወደ አራት ባይት በትነው፦ 71፣ 69፣ 84፣ 32። በአስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላት የባይት ኮድ) «ጌት» የሚለው ቃል ሦስቱ ፊደላትና አንድ ባዶ ቦታ ናቸው። የኤችቲቲፒ ጥያቄ እየመጣብህ ነው። ወይ ሎድ ባላንሰሩ (ግንኙነቶችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው) ጤንነት ለማየት ያንኳኳል፣ ወይ ፖርት የሚቃኝ ፕሮግራም ነው፣ ወይ አንድ ሰው አድራሻውን ብራውዘር ላይ ጽፎታል። ሰርቨርህ ያን ቃል ርዝመት ነው ብሎ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊመድብ ሄደ።

እነዚህን ቁጥሮች መለየት ብዙ ሰዓት ያድናል። 369295616 ወይም ከእሱ በአንድ ሁለት ከፍ ያለ ካየህ ወዲያኛው ወገን ቲኤልኤስ (የመስመር ምስጠራ) ሊጀምር እየሞከረ ነው፤ መነሻው 22፣ 3፣ 1 ነውና። 167772160 ካየህ የባይቱ ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ 10 ነበር የተላከው።

መፍትሔው ጣሪያ ነው። መልእክትህ ከ2 ኪሎባይት ካልበለጠ ጣሪያውን 64 ኪሎባይት አድርግ። ርዝመቱን ካነበብህ በኋላ፣ ሜሞሪ ከመመደብህ በፊት አወዳድር። በለጠ? የደንበኛውን አድራሻና አራቱን ባይቶች ሎግ ላይ ጻፍና ግንኙነቱን ዝጋ። ዘልዬ ልቀጥል አትበል፤ ርዝመት በሚቀድምበት ፍሬም (ከነርዝመቱ የታሸገ አንድ መልእክት) ድንበሩ አንዴ ከጠፋ ቀጣዩ መልእክት የት እንደሚጀምር የሚነግርህ ምልክት የለም። በነጭ_ሳር መንገድ ቢሆን ቀጣዩን አዲስ መስመር ፈልጎ መነሳት ይቻላል፤ ይህ የዚያኛው ጥቅም ነው። ሎድ ባላንሰሩንም ቲሲፒን ብቻ እንዲፈትሽ ቀይረው።

ወደ 40 ሚሊሰከንዱ። ይህ የሁለት ደንቦች ግጭት ነው። ላኪው በኩል የኔግል ስልት አለ (በ1984 የወጣ ነው)፦ ማረጋገጫ (የሰርቨርህ ፕሮግራም ሳይሆን ቲሲፒ ራሱ የሚልከው) ያልመጣለት ትንሽ ፓኬት መንገድ ላይ ካለ ሌላ ትንሽ ፓኬት አይልክም። ተቀባዩ በኩል ደግሞ የዘገየ ማረጋገጫ አለ፦ የሚመልሰው ዳታ ካለው ማረጋገጫውን አብሮ ሊልክ ትንሽ ይቆያል፤ ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ። አንተ 4 ባይቱን ለብቻ ጻፍህ፣ ወጣ። ዳታው የ4 ባይቱን ማረጋገጫ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ደግሞ ሙሉ መልእክት ስላልደረሰው የሚመልሰው የለውም፤ ማረጋገጫውን ያቆያል። ሁለቱ ይጠባበቃሉ።

ሁለት ነገር አድርግ። ርዝመቱንና ዳታውን አንድ ባይት አሬይ ውስጥ አድርገህ በአንድ «ራይት» ጻፍ፤ ወይም በበፈርድ አውትፑት ስትሪም ጠቅልለህ በመልእክቱ መጨረሻ «ፍላሽ» አድርግ። ከዚያ ጃቫ ሶኬቱ ላይ «ሴት ቲሲፒ ኖዲሌይ»ን አብራ። ጎ በነባሪው ያበራዋል፤ ጃቫ አያበራም። ኖዲሌዩን ብቻ አብርተህ በሁለት መጻፉን ከተውከው ዝግመቱ ይጠፋል፤ ግን ለእያንዳንዱ ሽያጭ ሁለት ፓኬት ታወጣለህ።

ጎተራ

አማርኛን በጄሰን ለሚልክ አንድ የመጠን ነገር ልጨምር። የፓይተን ጄሰን ኢንኮደር በነባሪው ከአስኪ ውጭ ያለውን ሁሉ በኋልዮሽ ዘንግና በአራት አኃዝ ኮድ ይጽፈዋል፤ አንድ ፊደል 6 ባይት ይሆናል። «ሰላም» ከ9 ወደ 18 ያድጋል። «ኢንሹር አስኪ» የሚለውን ቅንብር ሐሰት አድርገው፤ ጄሰን ዩቲኤፍ-8ን እንዳለ ይቀበላል። ሎጉም ለሰው የሚነበብ ይሆናል።

ሌላ ወጥመድ፦ የጃቫ «ራይት ዩቲኤፍ» ርዝመቱን ራሱ ስለሚያስቀድም ሰዎች ይመርጡታል። ርዝመቱ ግን 2 ባይት ብቻ ነው፣ ጣሪያው 65535። በእንግሊዝኛ ይህ 65535 ፊደል ነው፤ በአማርኛ 21845። ከዚያ ሲያልፍ ኤክሴፕሽን ይጥላል። በዚያ ላይ የሚጽፈው የተሻሻለ የዩቲኤፍ-8 ዓይነት ነው፤ ዜሮን በ2 ባይት፣ ኢሞጂን በ6 ባይት ይጽፋል፣ ፓይተን ደግሞ ያን አይቀበልም። ሁለቱም ወገን ጃቫ ካልሆነ አትንኩት።

ጂዚፕ (ዳታ መጭመቂያ) ላድርግ የሚል ካለ፣ በየመልእክቱ ለብቻው አያዋጣም፤ ራሱ ቢያንስ 18 ባይት ይጨምራል። 100 ሽያጭ ሰብስቦ አንድ ላይ መጭመቅ ግን ብዙ ይቆጥባል፤ የፊልድ ስሞቹ ይደጋገማሉና።

የኋላ_ሰርቨር

በጄሰን መቀጠሉ ላይ አልስማማም። ቅርንጫፎቹ ሲበዙና ፕሮግራሙ በተለያየ ጊዜ ሲታደስ የሚጎዳችሁ የባይት ብዛት ሳይሆን ስኪማ (የፊልዶቹና የዓይነታቸው ውል) አለመኖሩ ነው። አንዱ ቅርንጫፍ ዋጋውን በስትሪንግ፣ ሌላው በቁጥር ይልካል፤ የሚታወቀው ዳታቤዝ ላይ ሲደርስ ነው። ጉግል በ2008 ለሕዝብ የለቀቀው ፕሮቶባፍ ይህን ይዘጋል፦ ፊልዱ፣ ዓይነቱና ቁጥሩ በአንድ ፋይል ይጻፋሉ፣ የጃቫውም የፓይተኑም ኮድ ከዚያ ይወጣል።

መስመር ላይ የሚሄደው የፊልዱ ቁጥር እንጂ ስሙ አይደለም። ከ1 እስከ 15 ያሉ ቁጥሮች ከዓይነታቸው ጋር 1 ባይት ይይዛሉ፣ ከ16 እስከ 2047 ያሉት 2። ስለዚህ በየሽያጩ የሚመጡትን ከ1 እስከ 15 አስቀምጡ። ትናንሽ ቁጥሮችም ትንሽ ቦታ ይይዛሉ፤ 300 በ2 ባይት ይሄዳል፣ 172 እና 2 ሆኖ። ኔጌቲቭ ቁጥር ግን በተራው «ኢንት 32» 10 ባይት ይበላል፤ ተመላሽ ዕቃ በኔጌቲቭ የምትጽፉ ከሆነ «ኤስኢንት»ን ተጠቀሙ።

የማይጣሱ ነገሮች አሉ። የፊልድን ቁጥር አትቀይሩ። የሰረዛችሁትን ቁጥር ለሌላ ፊልድ አትስጡ፤ «ሪዘርቭድ» (የተያዘ) ብላችሁ ምልክት አድርጉበት። ያለበለዚያ ያልታደሰ ቅርንጫፍ የላከው የድሮ ቅናሽ፣ አዲሱ ሰርቨር ላይ እንደ ታክስ ይነበባል፤ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ስህተት እንኳ አይጥልም። ለነገሩ በፕሮቶ 3 (የፕሮቶባፍ ሦስተኛ ስሪት) ዜሮ የሆነ ፊልድ ጭራሽ አይላክም፤ «ቅናሽ የለም» እና «ቅናሽ አልተሞላም» አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ፊልዱን «ኦፕሽናል» በሉት።

ፕሮቶባፍ ግን የራሱን ድንበር አይናገርም። ሁለት መልእክት አጣብቃችሁ ብትሰጡት ስህተት ሳይጥል ሁለቱን አዋሕዶ አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ከጄሰኑ የባሰ ነው፤ ጄሰኑ ቢያንስ ይጮኻል። የ4 ባይቱ ርዝመት እዚህም ያስፈልጋል። በፕሮቶባፍ ላይ የተሠራውን ጂአርፒሲ ብትጠቀሙ ይህን ሁሉ ይሠራላችኋል፤ የእሱም ፍሬም 1 ባይት የመጭመቂያ ምልክትና 4 ባይት ርዝመት ነው፣ የመቀበያ ጣሪያውም በነባሪው 4 ሜጋባይት ነው።

የጃቫን ወይም የፓይተንን የራሱን ኦብጄክት መላኪያ፣ ማለትም የጃቫ ሲሪያላይዜሽንንና ፒክልን፣ በኔትወርክ ላይ ማንም እንዳይጠቀም። ዲሲሪያላይዝ ሲደረግ የላኪው ባይት ሰርቨሩ ላይ ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። ይህን የቲኤልኤስ ምስጠራ አያድነውም፤ ቅርንጫፉ ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ ካለ በተመሰጠረው መስመር ራሱ ይገባል።

ቅርንጫፍ_ሰባት

ለጊዜው ጄሰን ላይ ቆይቼ ስኪማውን ሰርቨሩ ላይ አጣራለሁ፤ ቅርንጫፎቹ ሲጨምሩ ወደ ፕሮቶባፍ እሻገራለሁ። አሁን የሚያሳስበኝ መብራት ወይም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ነው። ቅርንጫፉ «ራይት» ተሳክቷል ይላል፤ ማዕከል ግን ሽያጩ የለም።

የባይት_ቆጣሪ

«ራይት» ተሳካ ማለት ባይቱ የራስህ ኮምፒውተር ከርነል (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) በፈር ውስጥ ገባ ማለት ብቻ ነው። ገና ከኔትወርክ ካርዱ ሳይወጣ ሊሆን ይችላል። የቲሲፒ ማረጋገጫም ቢሆን የሰርቨሩ ከርነል ተቀበለ ይላል እንጂ ፕሮግራሙ ዳታቤዝ ላይ ጻፈ አይልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። ሽያጩ መጀመሪያ ቅርንጫፉ ዲስክ ላይ ይጻፍ፤ ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ ይበቃል። መለያ ቁጥሩ እዚያው ይሰጠው፦ የቅርንጫፉ ኮድና ሁልጊዜ የሚጨምር ተራ ቁጥር። ከዚያ ይላክ። ሰርቨሩ ዳታቤዝ ላይ ኮሚት ካደረገ (መጻፉን ካጸና) በኋላ ብቻ ያን መለያ መልሶ ይላክ። ቅርንጫፉ መለያው ሲመለስለት «ደርሷል» ብሎ ምልክት ያድርግበት። ግንኙነት ሲቋረጥና ሲመለስ ምልክት ያልተደረገባቸው ሁሉ በተራቸው እንደገና ይላካሉ። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይደርሳል፤ ያ የማይቀር ነው፤ ሰርቨሩ ኮሚት አድርጎ ማረጋገጫው መንገድ ላይ ሲጠፋ ቅርንጫፉ ልዩነቱን አያውቅም። ለዚህ ሰንጠረዡ ላይ መለያውን «ዩኒክ» አድርገው፤ ድጋሚ ሲመጣ ሳትጽፍ ማረጋገጫውን ብቻ መልስ። ስህተት አትመልስ፤ ስህተት ከመለስህ ቅርንጫፉ ያንኑ ሲልክ ይኖራል።

መብራት ሲጠፋ ሌላው ችግር የሞተ ግንኙነት ነው። ቅርንጫፉ «ዘጋሁ» ሳይል ስለሚጠፋ ሰርቨሩ ሶኬቱ ሕያው ነው ብሎ ይጠብቃል። የቲሲፒ ኪፕአላይቭ (ግንኙነቱ ሕያው መሆኑን የሚፈትሽ ምት) በነባሪው ጠፍቶ ነው ያለው። ብታበራውም ሊኑክስ ላይ 7200 ሰከንድ ጠብቆ ነው የሚጀምረው፤ በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ሞክሮ ተስፋ ሲቆርጥ ከ2 ሰዓት በላይ አልፏል። በላኪው በኩል ደግሞ የጻፍኸው ዳታ መልስ ሲያጣ ከርነሉ 15 ደቂቃ ገደማ ደጋግሞ ይሞክራል፤ እስከዚያ ፕሮግራሙ ምንም አያውቅም። የራስህን ምት አስገባ፦ ዝም ከተባለ በየ30 ሰከንዱ ርዝመቱ 0 የሆነ ፍሬም ይላክ፣ 90 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ሁለቱም ወገን ይዝጋ። ይህ በሞባይል ዳታ የሚገናኙትንም ይጠቅማል፤ ራውተሮች ዝም ያለ ግንኙነትን ከሰንጠረዛቸው ያወጡታል።

እንደገና ሲገናኝ 1 ሰከንድ፣ 2፣ 4 እያለ እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቅ፤ በየመጠበቂያው ላይ ዘፈቀደ ይጨመርበት። ሰርቨሩ ሲነሳ ሁሉም ቅርንጫፍ በአንዲት ሰከንድ ከመጣ መልሶ ይወድቃል።

ማረጋገጫ እየጠበቁ አንድ በአንድ መላኩንም ተው። እስከ 50 ያልተረጋገጠ መልእክት መንገድ ላይ ይኑር፤ 50 ሲሞላ ይቁም። ጣሪያው ሰርቨሩ ሲዘገይ ቅርንጫፉ ሜሞሪ እንዳይሞላ ይጠብቃል፤ ትርፉ ዲስኩ ላይ ስላለ አይጠፋም።

ነጭ_ሳር

እንዴት ልፈትነው እንዳትል፦ ባይት በባይት የሚያሳልፍ ትንሽ ፕሮክሲ በመሀል አስገባ። ከአንዱ ወገን የመጣውን አንድ አንድ ባይት አድርጎ ኖዲሌይ በበራ ሶኬት ለሌላው ይጽፋል። ንባቡ በሉፕ ያልሆነ ኮድ በመጀመሪያው መልእክት ላይ ይወድቃል። ቀጥሎ ያው ፕሮክሲ በዘፈቀደ ቦታ፣ ፍሬም መሀልም ቢሆን፣ ግንኙነቱን ይቁረጥ፤ በመጨረሻ ቅርንጫፉ የጻፈውና ማዕከል የተመዘገበው መለያ አንድ በአንድ ይመሳከር። ለመዘግየት ደግሞ የሊኑክሱ «ቲሲ» ትእዛዝ ከኔትኤም (የኔትወርክ ችግር አስመሳይ) ጋር 200 ሚሊሰከንድና 2 ፐርሰንት የፓኬት መጥፋት ይጨምርልሃል። የፈተናው ዳታ አማርኛ ይሁን።

ቅርንጫፍ_ሰባት

አንድ የመጨረሻ። ዋጋውና ቀኑ በምን ዓይነት ይሂድ? አሁን ዋጋው ነጥብ ያለው ቁጥር ነው፤ ቀኑ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር «2016-05-12» እየተባለ በስትሪንግ ይሄዳል።

ጎተራ

ዋጋው በሳንቲም፣ ሙሉ ቁጥር ሆኖ። 149 ብር ከ90 ሳንቲም 14990 ይሁን። ነጥብ ያለው ቁጥር በሁለትዮሽ 0.1ን በትክክል መያዝ ስለማይችል ድምሩ ከወረቀቱ ደረሰኝ ጋር በሳንቲም ይለያያል። በብራውዘር የሚታይ ከሆነ ቁጥሩ ከ9007199254740991 እንዳይበልጥ፤ ጃቫስክሪፕት ከዚያ በላይ ያለውን ሳይናገር ያጠጋጋዋል። ረጅም መለያ ቁጥሮችን በስትሪንግ ላክ።

ቀኑ ላይ ያለህ አደጋ ግን ይበልጣል። «2016-13-05»፣ ማለትም ጳጉሜን 5፣ ማንኛውም ተራ የቀን ፓርሰር ላይ ይወድቃል፤ 13ኛ ወር አያውቅም። «2016-02-30»ም ይወድቃል፤ ጥቅምት 30 እኛ ጋ አለ፣ ፌብሩዋሪ 30 ግን የለም። እነዚህ ቢያንስ ይታያሉ። «2016-05-12» ግን ያልፋል። አንተ ጥር 12 ቀን 2016 ማለትህ ነው፣ በግሪጎርያን ጃንዋሪ 21 ቀን 2024። ፓርሰሩ ሜይ 12 ቀን 2016 ብሎ ይመዘግባል፤ ወደ ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ፣ ምንም ስህተት ሳያሳይ።

መስመር ላይ የሚሄደው ከ1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሚሊሰከንድ በዩቲሲ ይሁን። ወደ እኛ አቆጣጠር መቀየር ስክሪንና ደረሰኝ ላይ ብቻ ነው፤ ሰዓቱም እንደዚያው። ጥር 12 ከምሽቱ 2 ሰዓት የተሸጠ ዕቃ በአዲስ አበባ 20:00 ነው፣ በዩቲሲ 17:00፤ የሚላከው ቁጥር 1705856400000። የቅርንጫፉ ኮምፒውተር ሰዓት ሊዛባ ስለሚችል ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓት በሌላ ፊልድ ለብቻው ይጻፍ፤ በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት፣ ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ የዚያ ቅርንጫፍ ሰዓት በኤንቲፒ (ሰዓትን በኔትወርክ የሚያስተካክል ፕሮቶኮል) መስተካከሉን አረጋግጥ።